አንድ ፔዳል ይበቃል

ክርክሬን መጀመሪያ ላይ ላስቀምጥና ከዚያ እንከራከር። ለባንድ ልምምድ የሚመጣ ጊታሪስት ይዞ መምጣት ያለበት አንድ ፔዳል ነው። ቱነር አልቆጠርኩም፤ ቱነር ጊታሩን መቃኛ እንጂ ኢፌክት አይደለም። ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና ሰባተኛው ቤት ይቀመጡ። "ስለሌለህ ነው እንዲህ የምትለው" የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይበለኝ። መልሴ ግን ስለ ኪስ አይደለም፤ ስለ ሰዓት፣ ስለ ቅኝትና ስለ ሌሎቹ አራት ሰዎች ነው።

ማታ ማታ ስልካችን ላይ የምናየውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንድ ሰው የአውሮፕላን አብራሪ ክፍል የሚመስል ሰሌዳ ፊቱ ዘርግቶ፣ በአሥራ ምናምን ሳጥን ውስጥ አንዲት ኖታ ያሳልፋል። ድምፁ ያምራል፤ አልክድም። ግን ልብ በል፦ ሰውዬው ብቻውን ነው። ከበሮ የለም፣ ቤዝ የለም፣ "ከየት ነው የምገባው?" የሚል ድምፃዊ የለም። ያ ቪዲዮ ስለ ባንድ ምንም አይነግርህም። እኛ ግን ለብቻ የተሠራውን ልማድ ተሸክመን አምስት ሰው ያለበት ክፍል ውስጥ እንገባለን።

ነገሩን ከመተማ አንፃር ላስረዳ፤ እዚህ ሒሳቡ አይሸሸግም። በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ከገንዳ ውሃ እስከ መተማ ዮሐንስ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ቆርቆሮ ጣራ ሥር አምስት ሰው፣ አንድ ድራምና ሁለት አምፕ ስትጨምርበት ምን እንደሚሆን አስበው። ክረምት ላይ የሰሊጥ አረም፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ አጨዳው አለ፤ ግማሹ ሰው እርሻ ላይ ነው። መብራት ይሄዳል። ከመሸ መንቀሳቀስ በማይቻልበት ጊዜ ደግሞ ሁሉም በጊዜ ቤቱ መግባት አለበት። ስለዚህ አንድ ባንድ ሙሉ አባላቱን ይዞ፣ መብራት ኖሮ፣ ሁለት ሰዓት ካገኘ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ላይ ሃያ አምስት ደቂቃ "ቆይ፣ አንዱ ድምፅ አልወጣም" ተብሎ ሲወሰድ የሚወሰደው የጊታሪስቱ ጊዜ አይደለም። አምስት ሰው ሲባዛ ሃያ አምስት ደቂቃ፣ ሁለት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ የሰው ጊዜ ነው። አንድ ሙሉ ልምምድ በለው።

እንጀራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ስለሆነ ነገሩን እንደ ሥራዬ ላየው። አንድ ፔዳል ሁለት ገመድ ይፈልጋል፤ ከጊታር ወደ ፔዳል፣ ከፔዳል ወደ አምፕ። አምስት ፔዳል ስድስት ገመድ ይፈልጋል፤ ስድስት ገመድ ማለት አሥራ ሁለት የጃክ ጫፍ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ከመቶ ዘጠና ስምንት ጊዜ ያለ ችግር ይሠራል ብለን እንነሣ፤ ለአቧራና ለላብ አገር ይህ ቸርነት ነው። አንድ ፔዳልና ሁለት ገመድ ይዘህ ስትመጣ ሁሉም የመሥራት ዕድሉ 94 በመቶ ነው። አምስት ፔዳልና ስድስት ገመድ ሲሆን 80 በመቶ ይሆናል። ከአምስት ልምምድ አንዱ ገመድ በማነካካት ይጀመራል ማለት ነው። የኃይል ማከፋፈያውንና አዳፕተሩን ገና አልቆጠርንም። አዳፕተሩ ቢቃጠል ደግሞ ምትክ ፍለጋ ጎንደር ድረስ መንገድ ነው።

ስለ ኃይል ካነሣን አይቀር፦ አብዛኛው ፔዳል በ9 ቮልት ይሠራል። ቀላል ኦቨርድራይቭ 5 ሚሊ አምፔር አካባቢ ሊበቃው ይችላል፤ 500 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዝ የ9 ቮልት ባትሪ በወረቀት ሒሳብ መቶ ሰዓት ያቆየዋል። መብራት ሄደ አልሄደ አይገደውም። 200 ሚሊ አምፔር የሚበላ ዲጂታል ዲሌይ ግን ያንኑ ባትሪ በሁለት ሰዓት ተኩል ይጨርሰዋል፤ በእውነቱ ከዚያም ቀድሞ። ስለዚህ ሶኬት ፈላጊ ነው፤ ሶኬቱ ደግሞ ጄኔሬተር ላይ ነው፤ ጄኔሬተሩም የራሱን ጩኸት በገመዱ ይልካል። ባትሪ የሚበቃው አንድ ሳጥን ይዞ የመጣ ጊታሪስት መብራት ሲጠፋ ቢያንስ የራሱ ፔዳል አይሞትበትም።

ሦስተኛው ቁጥር ይበልጥ ያስፈራኛል። እያንዳንዱ ፔዳል ወይ ተከፍቷል ወይ ተዘግቷል። አንድ ፔዳል ሁለት ሁኔታ አለው። አምስት ፔዳል 32፣ ሰባት ፔዳል 128። ይህ እንግዲህ አንድም ማዞሪያ ሳትነካ ነው። የትኛውም ፕሮግራመር 128 ሁኔታ ያለው ነገር ሳይሞክር ለተጠቃሚ አይለቅም፤ ከለቀቀም ሌሊት ስልኩ ይጮኻል። ጊታሪስቱ ግን ሙከራውን ባንዱ ላይ ያካሂዳል። ድራመሩና ቤዚስቱ ሳይጠየቁ የሙከራ ዕቃ ሆኑ።

እስከ አሁን ያልኩት ሁሉ የገመድ ነገር ነው። "ጥሩ ገመድ እገዛለሁ" ብለህ ልታመልጥ ትችላለህ። ከቅኝት ግን አታመልጥም።

ትዝታን ውሰድ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። በዚህ ቅኝት ውስጥ በጊታር አንገት ላይ በአንድ ፍሬት ብቻ የሚራራቁ ሁለት ድምፆች የሉም። ዲሌይ ከፍተህ ያለፈው ኖታ በአሁኑ ላይ ቢደራረብ አይጋጭም፤ እንዲያውም ያምራል። አሁን አንቺሆዬን ውሰድ። ዶና ከዶ በላይ ያለው ፍሬት፣ ፋና ከፋ በላይ ያለው ፍሬት፣ ከዚያ ላ። ሁለት ቦታ ላይ ጎረቤቶቹ በአንድ ፍሬት ብቻ ይለያያሉ፤ ከዶ ተነሥተህም ሶልን አታገኛትም። ይህን ቅኝት በረጅም ዲሌይ ውስጥ ስታሳልፈው ያለፈው ድምፅ የአሁኑን ይፋጨዋል። ፈዝ ጨምረህ ሁለት ድምፅ አንድ ላይ ስትመታማ ጭቃ ነው የሚወጣው፤ ፈዝ ሁለት ድምፅ ሲገባበት በመካከላቸው ያልነበሩ ሌሎች ድምፆችን ይፈጥራል። የአንቺሆዬ ውበት ያቺ ጠባብ ርቀት ጥርት ብላ መሰማቷ ነው። አንተ ደግሞ በገዛኸው ሳጥን ሸፈንካት።

ምቱም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው ዲሌይ ገዝቶ መጀመሪያ የሚማረው የዩቱው ኤጅ ያስለመደንን አካሄድ ነው። በደቂቃ 120 ምት ሲሆን 375 ሚሊ ሰከንድ ላይ ታደርገዋለህ፤ በአራት ምት ሙዚቃ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይገባል። ጭክጭካ ግን እያንዳንዱ ምት ለሦስት የሚከፈልበት ነው። በዚያው ፍጥነት ክፍልፋዮቹ የሚወድቁት 167፣ 333 እና 500 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ነው። 375 የትም አይወድቅም። ከበሮው አንድ ቦታ፣ ጭብጨባው አብሮት፣ የአንተ ማሚቶ ደግሞ መሀል ሜዳ ላይ ይንከራተታል። ድራመሩ ሲሳሳት የሚመስልህ ብዙ ጊዜ ድራመሩ አልተሳሳተም፤ ዲሌይህ እያሳሳተው ነው።

ይሄኔ ሌላኛው ወገን ያጨበጭብልኛል፦ "ልክ ነህ፣ ኢፌክት የፈረንጅ ነገር ነው፤ ክራር ምን ፔዳል አለው?" የሚለው። ከእሱም ጋር አልስማማም። በገናን አይተሃል? አሥር አውታር አለው፤ እያንዳንዱ አውታር ከመቀመጫው ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። አውታሩ ሲነዝር ቆዳዋን እየነካ ያንን የሚያስገመግም ድምፅ ያወጣል። ይህ ኢፌክት ካልሆነ ምን ሊባል ነው? የመጀመሪያው የፈዝ ፔዳል በ1962 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ከመዋሉ ከብዙ ዘመን በፊት እኛ ዘንድ ድምፅን ሆን ብሎ ማሻከር ጥበብ ነበር። ግን በገና ደርዳሪው እንዚራውን የሚያስተካክለው መዝሙሩን ከመጀመሩ በፊት ነው። አንድ ጠባይ መርጦ፣ አስተካክሎ፣ ከዚያ በጣቱ ይሠራል። "አሥር እንዚራ አሥር ፔዳል ነው" እንዳትለኝ፤ አሥሩም የሚያወጡት አንድ ጠባይ ነው።

ዘመናዊው ሙዚቃችንም ኢፌክትን አልፈራም። የሙላቱ አስታጥቄ የ1972ቱ "ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ" አልበም ላይ ዋዋ ጊታር አለ፤ ዋዋው ግን የዜማው አካል ሆኖ ነው የገባው። አይቤክስ ባንድ፣ በሰላም ስዩም ጊታር፣ በ1976 እ.ኤ.አ. በመሣሪያ ብቻ የተጫወተውን አልበም በአዲስ አበባው ራስ ሆቴል ሲቀዳ የተቀዳው አብሮ የሚጫወት ባንድ ነው። ጃኖ ባንድም በ2012 እ.ኤ.አ. "ኤርታሌ"ን ሲያወጣ ዲስቶርሽን ከኛ ዜማ ጋር መኖር እንደሚችል አሳየ። ከድንበሩ ማዶም፣ የፖርት ሱዳኑ ኑሪ ጊታርን ከታምቡር ጋር አዋህዶ አንድ መሣሪያ ሠራና በ2022 እ.ኤ.አ. "ቤጃ ፓወር!" የሚል አልበም አወጣ። የራስ ድምፅ ፍለጋ ማለት እሱ ነው፤ ከሱቅ መደርደሪያ አልገዛውም።

አሁን ወደ ጠንካራዎቹ መቃወሚያዎች ልምጣ።

"ልምምድ የመሞከሪያ ቦታ ነው፤ እዚያ ካልሞከርኩ የት ልሞክር?" ቤትህ፣ በጆሮ ማዳመጫ። አብሮ መለማመድ ያስፈለገው ለብቻ የማይቻለውን ለማድረግ ነው፦ አብሮ መግባት፣ አብሮ ማቆም፣ ለድምፃዊው ቦታ መልቀቅ፣ ድምፃዊው ግጥም ሲጨምር መከተል። ሠርግ ላይ ሙሽራው እየተሸለመ ዘፈኑ ሁለት ደቂቃ ቢረዝም የሚያድንህ ይሄ ነው። ዲሌይ አያድንህም።

"መድረክ ላይ የምጠቀምበትን በልምምድ ካልተጠቀምኩ እንዴት ይሆናል?" ይህ እውነት አለው። ስለዚህ ከዝግጅቱ በፊት ያለው የመጨረሻ ልምምድ ከሕጉ ውጭ ነው፤ ዘፈኖቹ የጠየቁትን ሁሉ አምጣ። ለመጨረሻው ልምምድ የተፈቀደው ግን ለመጀመሪያው አልተፈቀደም። ዜማው ገና ሳይያዝ የምታመጣው ኢፌክት ያልቆመ ቤት ላይ የሚቀባ ቀለም ነው።

"እኔ አንድ ሳጥን ብቻ ነው ያለኝ፤ መልቲ ኢፌክት ነው።" ጎበዝ! ውስጡ ግን መቶ ድምፅ አለው፣ አንተም በየዘፈኑ መሀል ጎንበስ ብለህ ስክሪን ትጎረጉራለህ። እኔ የምቆጥረው ሳጥን አይደለም፤ ባንዱን የሚያስጠብቅ ውሳኔ ነው። አንድ ድምፅ ምረጥ፣ ከዚያ አትንካው።

የትኛውን አንድ? መመዘኛው ቀላል ነው። የዛሬውን የዘፈን ዝርዝር አውጣና ያለ ኢፌክት ተጫወተው። የትኛው ዘፈን ነው የሚፈርሰው? መግቢያው በዋዋ የተሠራ ከሆነ ዋዋውን አምጣ። ሁለት ዘፈን በሁለት የተለያየ ፔዳል የሚፈርስ ከሆነ አንዱን ለሚቀጥለው ልምምድ አስተላልፍ። ምንም ካልፈረሰ ባዶ እጅህን፣ ማለቴ ጊታርህን ብቻ ይዘህ ና።

ለምን እንዲህ እከራከራለሁ? ባንድ ራሱ እያለቀብን ስለሆነ ነው። የደርግ ሰዓት እላፊ የአዲስ አበባን የማታ ሙዚቃ አዳከመው፤ ቀጥሎ ኪቦርድ መጣና ድራሙንም ቤዙንም ነፋሱንም አንድ ሰው ያዘው። ዛሬ ቆላ ላይ ሠርግ የሚደግስ አባት ሁለት ምርጫ አለው፦ በአሥር ደቂቃ ሰክቶ የሚጀምር አንድ ኪቦርዲስት፣ ወይም አምስት ሰው፣ ብዙ ገመድና "ቼክ፣ ቼክ" የሚል ባንድ። በአባትየው አልፈርድም። ባንድ ሊያሸንፍ የሚችለው ኪቦርዱ የማይችለውን ሲችል ብቻ ነው፤ እሱም አምስት ሰው እርስ በርስ ተደማምጦ መጫወቱ ነው። መደማመጥ ደግሞ በልምምድ ሰዓት ብቻ የሚሠራ ነገር ነው፤ ሰዓቱም ጥቂት ነው።

እንግዲህ ሰባት ፔዳል ያለህ ወዳጄ፣ ፔዳሎችህን ሽጥ አላልኩህም። ቅዳሜ ወደ ልምምድ ስትመጣ ግን ቦርሳህን በር ላይ ክፈትና ድራመሩን ጠይቀው፦ "የትኛዋን ላስገባ?" እሱ የመረጣትን አንዷን ስካ። የተረፈው ደቂቃ የሁላችንም ነው።