ሳላዲን ሲሄድ «ተዛወረ»፣ እኛ ስንሄድ «ጠፋች»

አንድ ተጫዋች ከክለቡ ወጥቶ ሌላ ክለብ ሲገባ ሬዲዮው «ተዛወረ» ይላል። አዲሱን ማሊያ ይዞ ፎቶ ይነሳል፣ ሰውም «ይቅናው» ይለዋል። ከእኛ አንዷ ጅዳ ውስጥ ቤት ስትቀይር ግን «ጠፋች» ነው የምትባለው። ይህን የሚሉት ማዳሞቹ ብቻ ቢሆኑ ባልገረመኝ። እኛው እርስ በርሳችን እንላለን። ኢቃማዋን አስተካክላ፣ በሕጋዊ መንገድ የተዛወረችዋ እንኳ ሳትቀር «ጠፋች» ተብላ ትወራለች። እኔ ከዚህ ቃል ጋር ጠብ አለኝ። ጠቤን በእግር ኳስ ላስረዳችሁ።

ሳላዲን ሰኢድን የማታውቅ ያለች አይመስለኝም። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ፣ አንዱን ጎል አዳነ ግርማ፣ ሌላውን እሱ ነው ያገባው። ያን ቀን በየሰው ኩሽና ድምጿን ዋጥ አድርጋ እልል ያለች እህት ስንት ነበረች!

ታዲያ ያን ጊዜ ሁሉ ነገር የሞላለት እንዳይመስላችሁ። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ወጥቶ ለካይሮው ዋዲ ደግላ እየተጫወተ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ ፖርት ሰኢድ ስታዲየም ውስጥ ከ70 በላይ ሰው አልቆ የግብፅ ሊግ ቆመ። ሰውዬው ክለብ አለው፣ ጨዋታ የለውም። ሱዳንን ካሸነፍን ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዛምቢያ ጋር ስንጫወት ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። በቀይ ካርድ በ10 ሰው ቀርተን፣ አዳነ ደርሶልን ነው 1 ለ 1 የወጣነው። በጥቅምት ትከሻ ላይ ያወጣው ሰው በጥር ሰደበው። ከዚያ በውሰት ቤልጅየም፣ ሊርስ የሚባል ክለብ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2014 አል አህሊ ገባ (የጅዳውን አላልኩም፣ የካይሮውን ነው)። እዚያ ጉዳት ያዘውና ብዙ ጊዜ ከሜዳ ራቀ። ቀጥሎ አልጄሪያ፣ ኤምሲ አልጀር። ከዚያ ተመልሶ ጊዮርጊስ። «አለቀለት» ሲባል፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ጊዮርጊስ ከኢትዮጵያ ክለቦች የመጀመሪያው ሆኖ የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ሲገባ፣ ከውድድሩ ከፍተኛ ጎል አግቢዎች አንዱ እሱ ነበር።

ቁጠሩት፦ አምስት ክለብ፣ አራት አገር። «ይሄ ልጅ አይረጋም» ያለው አልሰማሁም። እኛ ሁለት ቤት ስንቀይር ግን «አመል የላትም» ነው።

«እሱ ኮከብ ነው፣ አንቺ ግን ወለል ጠራጊ ነሽ፣ ምን አገናኛችሁ?» የምትለኝ አትጠፋም። የሚያገናኘን ወረቀቱ ነው። ሊርስን ውሰዱ። ሊርስና ዋዲ ደግላ ባለቤታቸው አንድ ሰው ነበር፣ ማጌድ ሳሚ የሚባል ግብፃዊ። ስለዚህ ሳላዲን በውሰት ሄደ ማለት ከጌታው አንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት ሄደ ማለት ነው። አልመጣላችሁም? ረመዳን ሲደርስ የጅዳዋ ማዳም «መካ እናቴ ቤት ትንሽ አግዣት» ብላ የምትልከን እኮ ነው! ልዩነቱ፣ የተጫዋች ውሰት ቀን አለው፣ ፊርማ አለው፣ ደሞዙን ማን እንደሚከፍል ተጽፏል። የእኛ ሁለት ቤት ሥራ፣ አንድ ደሞዝ ነው። የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ ደግሞ አሠሪሽ ለሌላ ሰው እንዳያሠራሽ ይከለክላል። የሳምንት እረፍትና፣ በሐኪም ወረቀት በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድም እዚያው ውስጥ አለ። ጉልበቱን የተጎዳ ተጫዋች «ተነስና ሩጥ» አይባልም፤ እኛስ?

ተጫዋችም ቢሆን ከፊል ነበረበት። የቤልጅየሙ ዣን ማርክ ቦስማን እ.ኤ.አ. በ1990 ኮንትራቱ አለቀ፣ ክለቡ ሊዬዥ ግን «ገንዘብ ካልተከፈለኝ» ብሎ ወደ ፈረንሳይ እንዳይሄድ ያዘው። ኮንትራትሽን ጨርሰሽ ተናዙል እንደመከልከል ነው። አምስት ዓመት ተሟግቶ፣ በታኅሣሥ 1995 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ኮንትራቱ ያለቀ ተጫዋች ነፃ ነው አለ። ዛሬ ሚሊዮን የሚቆጥሩት በእሱ ፍርድ ነው፤ እሱ ግን የጨዋታ ዘመኑ አልፎበት ነበር። ወደ እኛ ቀረብ ስንል፣ ዛሂር ቤሉኒስ የሚባል የፈረንሳይ ተጫዋች ኳታር ውስጥ ከአል ጃይሽ ክለብ ጋር በደሞዝ ተጣልቶ የመውጫ ፈቃድ ተከለከለ። ከሚስትና ከልጆቹ ጋር ተይዞ ቆይቶ የወጣው በኅዳር 2013 ነው። ያ ወር እኛ ከዚህ አገር በገፍ መባረር የጀመርንበት ወር ነው። ከ160 ሺህ በላይ ሰው ነበር የተመለሰው።

ይህ አገር እ.ኤ.አ. በ2021 ለሌላው ሠራተኛ ዝውውሩን ሲያቀል የቤት ሠራተኛን ከዝርዝሩ ውጭ አደረገ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ቢሆንም በሩ ጨርሶ አልተዘጋም። ሦስት ወር ደሞዝ ከተያዘብሽ ወይም ለሌላ ሰው ካሠሩሽ፣ ሚኒስቴሩ ያለ ከፊልሽ ፈቃድ ዝውውር ሊሰጥሽ ይችላል። ማስረጃ ግን ይጠይቃል። ስለዚህ የኮንትራትሽን፣ የኢቃማሽንና የፓስፖርትሽን ፎቶ ስልክሽ ላይ ብቻ ሳይሆን ለምታምኛት እህትም ላኪ። ደሞዝ የገባበትን ቀን ጻፊ። ደላላው «በሌሊት ውጪ፣ ቤት አለኝ» ሲልሽ፣ የተጫዋች ደላላም ኮሚሽን እንደሚበላ አስቢ፤ የሚበላው ግን ከፊርማ በኋላ ነው። የእኛው ግን ሁሩብ አስለጥፎብን ድርሻውን ተቀብሎ ይሄዳል።

«ማዳም ስልኬን ይዛ፣ በር ቆልፋ፣ ምን ወረቀት ታወሪያለሽ?» የምትይኝ እህቴ፣ እውነትሽን ነው። ወረቀት በር አይከፍትም። ሌሊት ሸሽተሽ ብትወጪም እኔ አልፈርድብሽም።

ለዚህ ነው ለሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳብ የማቀርበው። በማኅበራችን መዝገብ ላይ «የጠፉ» የሚለው ዓምድ ይሰረዝና «የተዛወሩ» እና «ድምፃቸው ያልተሰማ» ተብሎ ለሁለት ይከፈል። የተዛወረችዋ መዋጮዋን እስከጣለች ድረስ የእቁብ ተራዋ አይነካ። እስካሁን ስማቸው ተሰርዞ የቀሩ ካሉ ተራቸው ይመለስ። ድምፃቸው ላልተሰማ ደግሞ ሁለት ሰው ይመደብ፣ አንዷ ከጅዳ፣ አንዷ ከመካ፣ እየደወሉ እንዲያፈላልጉ። የመካዋ እኔ እሆናለሁ፤ የጅዳዋ ማን ናት?