አዎ፣ ጨዋታ አበላሾቹ እኛ ነን!

«እናንተ ጨዋታ አትችሉም፤ የምትችሉት ጨዋታ ማበላሸት ነው።»

ይህችን ክስ ስንሰማት ከርመናል። የምትቀርብብን ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ፣ እሁድ እሁድ ካርታ ይዘን በምንሰበሰብባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ከሳሾቻችን ጠላቶቻችን አይደሉም። አብረውን ቡና የሚጠጡ፣ ሲመሽ ታክሲ ድረስ የሚሸኙን ወዳጆቻችን ናቸው። አንዳንዴም «ሴት ልጅ እንዲህ ስትጫወት አያምርም» የምትል ጭማሪ ጣል ያደርጉባታል። ወዳጅ ስለሆኑ መልስ ይገባቸዋል። ለጭማሪዋ ደግሞ ለብቻዋ መልስ ይገባታል። ለማንኛውም እንጀምር።

መጀመሪያ ለማያውቁት እናስረዳ። የምንጫወተው «ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ» የሚባለውን ጨዋታ ነው። ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ምሁር የፈጠረው ሲሆን ለገበያ የወጣው በ1993 እ.ኤ.አ. ነው። እንደ ለመድነው ካርታ 52ቱን በውዘን አንከፋፈልም። እያንዳንዱ ተጫዋች ቢያንስ 60 ካርታ መርጦ፣ አስቦበት፣ አሰናድቶ ይመጣል። ይህ ስብስብ «ዴክ» ይባላል። ከካርታዎቹ መካከል «ላንድ» የሚባሉት አሉ፤ መሬት ማለት ነው። ላንድ «ማና» የሚባል ጉልበት ይሰጣል። ማና ከሌለህ እጅህ ላይ ያለው አስፈሪ ዘንዶ ተራ ወረቀት ነው። ችግሩ በአንድ ተራ ከእጅ ማውረድ የሚፈቀደው አንድ ላንድ ብቻ መሆኑ ነው።

እናም ሰው ሁሉ መሬት ያጠራቅማል፤ ዘንዶውን ያወርዳል፤ በዘንዶው ይመታል። ጀግንነት ማለት ይኼ ነው ይሉናል። እኛ ግን ዘንዶውን አንጠብቅም፤ መሬቱን እናፈርሳለን። ዘንዶ የሚያቆመው መሬት ከሌለው ምን ያደርጋል? እጅ ላይ ተቀምጦ ይታያል። የሚያናድዳቸውም ይኼው ነው።

ዴካችን ምስጢር አይደለም፤ እነሆ። ከ60ው ካርታ 22ቱ ላንድ ነው፤ ሁሉም ማንም የማይመኘው ተራ ጫካና ተራራ። 8ቱ እንደ ላኖዋር ኤልቭስ ያሉ ትንንሽ ፍጡራን ናቸው፤ በአንድ ማና ይወርዳሉ፣ ከዚያ በኋላ ራሳቸው ማና ይሰጣሉ። 16ቱ መሬት የሚያፈርሱ ወይም የሚያመክኑ ካርታዎች ናቸው፤ በሦስት ማና አንድ ላንድ የሚደመስሰው ስቶን ሬይን ከእነዚህ አንዱ ነው። 8ቱ እንደ ላይትኒንግ ቦልት ያሉ፣ ሾልኮ የወረደውን ትንሽ ፍጡር የሚያቃጥሉ ናቸው። ተጋጣሚን ለመጨረስ የቀሩት 6 ብቻ ናቸው። ስድስት ብቻ! ወዳጆቻችን ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሲሰሙ ስቀው ነበር። አሁን አይስቁም።

የዚህ አጨዋወት ሕጎች ሦስት ናቸው። አንደኛው ቀድሞ መድረስ ነው። በመጀመሪያው ተራ አንድ ላንድና አንድ ኤልፍ ያወረደ ሰው በሁለተኛው ተራ ሦስት ማና አለው፤ ስቶን ሬይን ይጫወታል ማለት ነው። ተጋጣሚው ገና ሁለት መሬት ሳይሞላው አንዱን አጣ። ያው ካርታ በስምንተኛው ተራ ቢወጣ ግን ከበሰበሰ ድንች አይሻልም። ሁለተኛው ሕግ፣ የምትነፍገውን ነገር አንተ ራስህ ሳትፈልገው መኖር መቻል አለብህ ይላል። እኛ በጥቂት መሬትና በትንንሽ ፍጡራን መኖር እንችላለን፤ ባለ ዘንዶው አይችልም። ሦስተኛው ሕግ ደግሞ መንፈግ ድል እንዳልሆነ ያስታውሰናል። መንፈግ የሚሰጠው ጊዜ ነው፤ ያንን ጊዜ የምትጠቀምበት ነገር ከሌለህ ተጋጣሚህ ቀስ ብሎ ይነሳል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. «ኤርናምጌደን» ተብሎ የታወቀው ዴክ ይህን ተረድቶ ነበር። መጀመሪያ ጠንካራ ፍጡር ጠረጴዛው ላይ ያቆማል፤ ከዚያ አርማጌዶን በሚባለው ካርታ የሁሉንም ላንድ፣ የራሱንም ጭምር፣ ያጠፋል። ሁለቱም ደኸዩ፤ አንዱ ግን ፍጡሩ ቆሞለታል።

እንግዲህ ወደ ክሱ እንምጣ።

«ይህ የፈሪ ጨዋታ ነው፤ ፊት ለፊት ግጠሙን» ይሉናል። ጥሩ። እነዚሁ ወዳጆቻችን የካቲት 23 ሲደርስ ጊዮርጊስ አደባባይ ምኒልክ ሐውልት ሥር ቆመው ፎቶ የሚነሱ ናቸው። ታዲያ ከአድዋ በፊት መቀሌ እንደነበረ ማን ይንገራቸው? በ1888 ዓ.ም. የጣልያን ጦር በሜጀር ጋሊያኖ አዛዥነት እንዳ ኢየሱስ ላይ መሽጎ ነበር። የእኛ ሰዎች ፊት ለፊት ገጠሙት፤ ምሽጉ ግን አልተበገረም፤ ብዙ ሰው ረገፈ። መላው የመጣው ከእቴጌ ጣይቱ ነው፤ ምሽጉን ተዉት፣ ውሃውን ያዙት። ምንጩ ተያዘ። በዚያው ጥር ወር ጋሊያኖ ምሽጉን ለቆ ወጣ። ፒያሳ በስማቸው በተሰየመው ሆቴል በር ስናልፍ «ፈሪዋ እቴጌ» የሚል ሰው አጋጥሞን አያውቅም። የታሪክ መምህሮቻችን ሁሉ ብልሃት ነው ያሉን። ታዲያ ያው ነገር በካርታ ሲሆን ምነው ፍርሃት ሆነ?

ይህ እንዳይበቃ ደግሞ የምንቀመጥበት ድልድይ የማን ስም ነው? ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በልጅነታቸው ተማርከው የመጡ፣ በኋላ በ1900 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያው የጦር ሚኒስትር ለመሆን የበቁ ሰው ናቸው። ሰው ምን ብሎ ይጠራቸው ነበር? አባ መላ! አባ ጉልበት አልተባሉም። በ1909 ዓ.ም. ከሰገሌ ጦርነት በፊት ንጉሥ ሚካኤልን በመልእክት እያዘናጉ ቀን ገዙ፤ በዚያ ቀን የሸዋ ጦር ተሰበሰበ። ከባላጋራቸው የቀሙት ጊዜ ነበር። ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ የሆነውን ሁሉም ያውቃል። በአባ መላ ድልድይ ላይ ተቀምጦ መላ ነውር ነው ማለት፣ ይቅርታ ይደረግልንና፣ ትንሽ ቀሽም ነው።

ሁለተኛው ክስ ረቀቅ ያለ ነው። «የጨዋ ልጅ ተጋጣሚውን አያራቁትም፤ የአባቶቻችን ሰንጠረዥ እንኳ ይህን ይከለክላል» ይላሉ። ይህን ያለው ወዳጃችን ያነበበ ልጅ ስለሆነ እናከብረዋለን። እውነቱን ነው፤ በጥንቱ ሰንጠረዥ አጃቢዎቹ ሁሉ ተበልተውበት ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይሞትም ነበር። ሙሉ በሙሉ ካራቆትከው ድልህ ይቀርብሃል። ቆንጆ ሕግ ነው። ግን አንድ ጥያቄ አለን፤ ሰንጠረዥ የማን ጨዋታ ነበር? የቤተ መንግሥትና የመኳንንት። መኳንንት ተሰብስበው ሕግ ሲያወጡ «የተራቆተ ንጉሥ አይነካም» ቢሉ ምን ይገርማል? እኛም ንጉሥ ብንሆን እንዲሁ እንል ነበር።

በዚያው አገር፣ በዚያው ዘመን፣ እረኛው መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ጠጠር ለቅሞ ገበጣ ይጫወት ነበር። በማታራና በየሃ የተገኙ የገበጣ ቅርሶች ከ6ኛውና ከ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆዩ ናቸው ይባላል። አጨዋወቱ ከቦታ ቦታ ቢለያይም ልቡ አንድ ነው፤ ጠጠር ትዘራለህ፣ የተጋጣሚህን ጠጠር ትሰበስባለህ፣ የሚዘራው ጠጠር ያጣ ሰው መጫወት ያቅተዋል። የገበጣ ጠጠር ንጉሥም ሎሌም የለውም፤ ሁሉም እኩል ነው። ተጋጣሚን ባዶ ማስቀረት በገበጣ ነውር አይደለም፤ ጨዋታው ራሱ እሱ ነው። እቴጌ ጣይቱ ሰንጠረዥ ያውቁ እንደነበር ይነገራል። መቀሌ ላይ ግን የተጫወቱት ገበጣ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ የገንዘብ ነው፤ ወዳጆቻችን የማያነሱት እሱን ነው። ማጂክ እንደ ሰፈር ካርታ ለሁሉም እኩል የሚታደል አይደለም፤ ያለው ይገዛል። በጨዋታው መጀመሪያ ዓመታት የታተሙ፣ ሁለት ዓይነት ማና የሚሰጡ ላንዶች አሉ፤ ኩባንያው ዳግመኛ እንደማያትማቸው በ1996 እ.ኤ.አ. ቃል ከገባ ወዲህ የአንዱ ዋጋ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ሆኗል። እኛ ያለን በዘመድ ሻንጣ የመጣ ተራ ጫካና ተራራ ነው። እዚህ ላይ ብለድ ሙን የሚባል፣ በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣ ካርታ አለ። ምን ያደርጋል? ልዩ የሆነውን ላንድ ሁሉ ተራ ተራራ ያደርገዋል። ተራ መሬት የያዘ ሰው አይነካም። የሚነካው ባለ ብዙ ዶላሩ ነው። ከዚህ የበለጠ ፍትሐዊ ካርታ ካለ አሳዩን።

ታዲያ የጨዋታው ባለቤት የሆነው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ምን አደረገ? በየካቲት 2017 ዓ.ም. «ኮማንደር» ለሚባለው የጨዋታው ዓይነት ባለ አምስት እርከን መመሪያ አወጣ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት እርከኖች በጅምላ መሬት መንፈግ አይጠበቅም ተባለ። በምሳሌነት ከተጠቀሱት ካርታዎች መካከል ብለድ ሙን አንዱ ነው! መመሪያ እንጂ እገዳ አይደለም፤ እናውቃለን። ግን ልብ በሉልን፤ ውድ መሬት ማከማቸት የሚያስነውር አልሆነም፣ ውድ መሬትን ተራ ማድረግ አስነወረ። «የተራቆተ ንጉሥ አይነካም» የሚለው ሕግ በእንግሊዝኛ ተጽፎ መጣ ማለት ነው።

«ግን እኮ አሰልቺ ነው! ተቀምጬ ካርታ እያየሁ ምንም አለማድረግ ጨዋታ ነው?» ይላሉ በመጨረሻ። ይህቺ እውነተኛ ቅሬታ ናት። ያበሳጫል። በአራተኛው ተራ በዘንዶ ተደብድቦ መሸነፍም ያበሳጫል፤ ልዩነቱ አንደኛው ብስጭት የእነሱ፣ ሌላኛው የእኛ መሆኑ ነው። ደግሞም መድኃኒት አለው። ርካሽ ካርታ አብዙ፤ ተራ መሬት ጨምሩ፤ ሁሉን ነገር አንድ ዘንዶ ላይ አትጫኑ። ይህን ያደረገ አንድ ወዳጃችን ባለፈው ወር ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አሸንፎናል። አጨብጭበንለታል።

«ሴት ልጅ እንዲህ ስትጫወት አያምርም» ላላችሁንም መልሳችን አጭር ነው። ከላይ ወዳለው የመቀሌ አንቀጽ ተመለሱና የማን ሐሳብ እንደነበረ አንብቡ።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር። «ይህ አጨዋወት ጭካኔ ያስተምራል» ለምትሉን ተቃራኒውን እንላለን። የሚያስተምረው መለየትን ነው። ጠረጴዛው ላይ መንፈግን ንጹሕ የሚያደርጉት ሦስት ነገሮች ናቸው። ተጋጣሚያችን ወዶ ተቀምጧል። ሕጉን አስቀድሞ ያውቃል። ሲመረው «በቃኝ» ብሎ መነሳት ይችላል። ጋሊያኖ እንኳ ምሽጉን ሲለቅ ጦሩን ከነመሣሪያው ይዞ እንዲሄድ ተፈቅዶለታል።

እነዚህ ሦስቱ የሌሉበትን መንፈግ ደግሞ እናውቀዋለን። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. የአገሪቱ ኢንተርኔት ሲዘጋና ከሦስት ሳምንት በላይ ተዘግቶ ሲቆይ፣ ማን ወዶ ተቀምጦ ነበር? በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ዶሮ ማነቂያና ሌሎች የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ፣ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻ ሲሄድ፣ የትኛው ባለቤት «ይህን ጨዋታ አልጫወትም» ብሎ መነሳት ቻለ? ልማቱ ይበጃል አይበጅም የሚለው ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። እኛ የምንለው ይህን ነው። መሬት ማፍረስ፣ ምንጭ መያዝ፣ መስመር መቁረጥ ምን እንደሚያደርግ በካርታ ደጋግሞ ያየ ሰው፣ እውነተኛው ሲመጣ ስሙን አይስትም። በሁለተኛው ተራ አንድ መሬት ያጣ ሰው ጨዋታውን ሁሉ ሲያጣ አይተናል። ቤቱን ያጣ ሰው ምን ምን ተከትሎ እንደሚሄድበት ለመገመት አንቸገርም።

ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ «ነውር» የምትለዋን ቃል አታባክኗት። በወረቀት መሬት ላይ ከጨረሳችኋት ለእውነተኛው መሬት ምን ታተርፋላችሁ?

እሁድ እንገናኝ። ተራ መሬት ይዛችሁ ኑ!