ጋዝ መሙላት ጥገና ነው እንዴ?

የመኪና ኤሲ ሙቅ አየር መንፋት ሲጀምር አብዛኞቻችን የምናውቀው መልስ አንድ ነው፤ «ጋዝ ጨርሷል፣ ሙላበት»። ባለ መኪናው ይህንን ይላል፣ ጋራዡም ይህንን ይላል፣ ገንዘቡ ይከፈላል፣ መኪናው ቀዝቅዞ ይወጣል። ሁሉም ደስ ብሎት ይለያያል። ከሁለት ወር በኋላ ግን ያው ሙቀት፣ ያው ጋራዥ፣ ያው ሒሳብ። በእኔ እምነት ይህ ጥገና ሳይሆን ኪራይ ነው። ቅዝቃዜውን ለሁለት ወር ተከራይተን እንመልሳለን።

«ይሄ ደግሞ የጋዜጠኝነት ተማሪን ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። አዲስ አበባ ላይ ከሆነ እውነቱን ነው፤ መስኮት ዝቅ ማድረግ ይበቃል፣ ኤሲ ቅንጦት ነው። ከአዋሽ ወዲያ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሚሌና በሠመራ መንገድ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ መስኮት መክፈት ማለት የምድጃ አፍ መክፈት ማለት ነው። ሾፌሩ ይደክመዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ከኋላው ደግሞ ሕፃን የታቀፈች እናት ተቀምጣለች።

ነገሩን ከመሠረቱ እንየው። ኤሲ ቅዝቃዜ አይፈጥርም፤ ሙቀትን ከመኪናው ውስጥ ተሸክሞ ያወጣል እንጂ። ተሸካሚው ጋዙ ነው። ኮምፕረሰሩ ይጨምቀዋል፤ ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንዴንሰር ሙቀቱን ወደ ውጭ አስወጥቶ ፈሳሽ ያደርገዋል፤ ፈሳሹ በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ክሩስኮቱ ሥር ባለው ኢቫፖሬተር ውስጥ ሲተን የመኪናውን ሙቀት ይመጥጣል። ከዚያ ተመልሶ ወደ ኮምፕረሰሩ። ዙሩ ዝግ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ጋዙ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። በብዙ ዓመት ውስጥ በጎማ ቱቦውና በማሸጊያው በኩል ጥቂት ጥቂት ሊቀንስ ይችላል፣ ይህ ያለ ነው። በሁለት ወር ባዶ ከሆነ ግን አንድ ቦታ እየወጣ ነው። በተነደለ እንስራ ላይ ውሃ መጨመር ማን ጥገና ብሎት ያውቃል?

አጎቴ ከአዳማ ሠመራ በሚኒባስ ይሠራል። ባለፈው ዓመት ብቻ እዚያው አንድ ጋራዥ ሦስት ጊዜ ጋዝ አስሞልቷል። በሦስቱም ጊዜ «የት ነው የሚወጣው?» ብሎ የፈለገለት አልነበረም። በአራተኛው ሌላ ቦታ ሲሄድ አብሬው ነበርኩ። ያገኘነው በዕድሜ ጠና ያለ መካኒክ ሲሊንደሩን ጨርሶ አልነካም፤ መጀመሪያ ጥያቄ ጠየቀ። «ቆመህ ነው የሚሞቀው ወይስ እየሄድክም?» «ባንዴ ጠፋ ወይስ ቀስ በቀስ?» «በሁሉም ቀዳዳ ነው ወይስ ባንድ በኩል?» እኛ እዚህ ክፍል ውስጥ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት እያልን ለፈተና የምንሸመድደውን ሰውዬው ዘይት የጠጣ ቱታውን ለብሶ ይሠራበታል።

ጥያቄዎቹ ለወሬ አይደሉም። ስትሄድ የሚቀዘቅዝና ስትቆም የሚሞቅ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የኮንዴንሰሩ ፋን ነው፤ ወይም ኮንዴንሰሩ በአቧራ ተደፍኗል። በአንድ በኩል ቀዝቃዛ፣ በሌላው ሙቅ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሙቅና ቀዝቃዛ አየር የምትከፋፍለው መዝጊያ ተጣብቃለች። አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ጉልበት ካጣ የአየር ማጣሪያውን አውጥቶ ማየት ነው። ኤሲው ሲከፈት ከኮምፕረሰሩ «ቀጭ» የምትል ድምፅ ካልተሰማች (አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ላይ ድምፁ የለም) ፊውዝ ወይም ሪሌ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ጋዙ ከማነሱ የተነሣ ስዊቹ ኮምፕረሰሩን አላስነሳም ብሏል። ታዲያ ከእነዚህ ሁሉ ጋዝ የሚነካው ስንቱን ነው? እንዲያውም ጋዝ ከልክ ሲያልፍም ኤሲው ሙቅ ይነፋል።

ጌጁ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሞተሩ እየሠራ ሰማያዊውም ቀዩም ዝቅ ብለው ታዩ፤ ጋዙ በርግጥ አንሷል። አሁንም ሲሊንደር የለም። ሰውዬው በባትሪ መብራት ቱቦ ቱቦውን ተከትሎ ሄደና ኮንዴንሰሩ ታች ጥግ ላይ አቧራ የለጠፈበት የዘይት እድፍ አገኘ። የኮምፕረሰሩ ዘይት ከጋዙ ጋር አብሮ ስለሚዞር ጋዙ በወጣበት በኩል ምልክት ይተዋል። ሳሙና ሲቀባው አረፋው ኩፍ ኩፍ አለ። ጠጠር የመታው ቦታ ነበር፤ የሦስት ጊዜው ገንዘብ በዚያች ቀዳዳ ነው የሄደው። ኮንዴንሰሩ ከተቀየረ በኋላም ወዲያው አልሞላም፤ ግማሽ ሰዓት ያህል በቫኪዩም ፓምፕ ውስጡን አደረቀ። እርጥበት ከቀረ ጠባቧ ቀዳዳ ላይ በረዶ ሆኖ ይዘጋታል። (በነገራችን ላይ የውጭ መጽሐፎች ቫኪዩሙ 29 ኢንች ይድረስ ይላሉ፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ከከፍታው የተነሣ 22 አካባቢ ላይ ይቆማል። ፓምፑ ተበላሸ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም።)

የወጣው ጋዝስ የት ደረሰ? በብዙዎቹ መኪኖቻችን ያለው አር 134ኤ የሚባለው ነው። የቀድሞው አር 12 የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ በ1987 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል ስምምነት እንዲቀር መንገድ ተጀመረ፣ አር 134ኤም ተተካ። ይህኛው ኦዞንን አይነካም፤ ነገር ግን ኪሎ ለኪሎ ሲተያይ ምድርን በማሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከ1,000 እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. ኪጋሊ ላይ አገሮች የዚህን ዓይነቱን ጋዝም ለመቀነስ ተስማምተዋል። እኛ ግን በየሁለት ወሩ እየሞላን ለአየር እንለቀዋለን።

ጋራዦቹም መልስ አላቸው። «ደንበኛው ራሱ ነው ሙላልኝ የሚለው፤ ቀዳዳ ስፈልግ ግማሽ ቀን ብውል ማን ይከፍለኛል?» ይላሉ። ሐሰት ነው አልልም። ሐኪም ቤት ሄደን ካርድ አውጥተን፣ ለላቦራቶሪ ከፍለን፣ ከዚያ መድኃኒት እንገዛለን፤ መካኒክ «የምርመራ» ሲለን ግን «ዝም ብሎ አይቶ ነው እንዴ ገንዘብ የሚቀበለው?» ብለን እንቆጣለን። ስለዚህ ምርመራው በግልጽ ዋጋ ይኑረው ባይ ነኝ፤ ዋጋ የሌለው ሥራ አይሠራም። ሆኖም ደንበኛው አላወቀም ብሎ በአንድ ቀዳዳ ሦስት ጊዜ ማስከፈል ሌላ ነገር ነው። ባለሙያ የተባለው እኮ ደንበኛው የማያውቀውን ስለሚያውቅ ነው።

አንድ ቀላል ነገር ግን ከነገ ጀምሮ መጠየቅ ይቻላል። መኪናው የሚወስደው የጋዝ መጠን ብዙ ጊዜ ኮፈኑ ሥር በተለጠፈ ወረቀት ላይ በግራም ተጽፏል። ደረሰኙ ላይም «ኤሲ ጥገና» ከሚለው ሁለት ቃል ይልቅ ስንት ግራም እንደገባና ቀዳዳው የት እንደተገኘ ይጻፍ። ካልተገኘም «አልተገኘም» ተብሎ ይጻፍ፣ ያኔ ደንበኛው ምን እንደገዛ አውቆ ይሄዳል።