ፀጉራችን የት ሄደ?

የዚህን እትም ሽፋን የሳለልን ባልደረባችን አንድ ጥያቄ ይዞ መጣ፤ «ድንቅነሽን ፀጉራም ላድርጋት ወይስ እንደኛ ገላዋ የተራቆተ?» በ1974 (እ.ኤ.አ.) ሐዳር ላይ የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ እመቤት አጥንቷን እንጂ ቆዳዋን አልተወችልንም። ተከራከርን፤ ፀጉራም ሆነች።

ዳርዊን በ1871 (እ.ኤ.አ.) የገላችንን መራቆት ለውበት ምርጫ ሰጥቶት ነበር። ዛሬ ሚዛን የሚደፋው የላብ ነገር ነው። ቆዳችን ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የላብ ዕጢዎች አሉት። በቀትር ፀሐይ ሜዳ ለሚያቋርጥ ፍጡር፣ ላቡ ከቆዳው ላይ ሲተን ገላውን ያቀዘቅዝለታል፤ ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ይህን ያውካል። የራስ ፀጉራችን የቀረውም አናታችንን ከፀሐይ ሊከልል ሳይሆን አይቀርም። ለነገሩ ፀጉሩ ሳሳ፣ አጠረ እንጂ አልጠፋም፤ ክንዳችሁን ወደ ብርሃን ዘርግታችሁ እዩት።

በዚህ እትም እኔን የማረከኝ ግን ስለ ቅማል የተጻፈው ጽሑፍ ነው። የራስ ቅማላችን የቅርብ ዘመድ የቺምፓንዚ ቅማል ሲሆን፣ ከወገብ በታች የሚሰፍረው ግን የሚዛመደው ከጎሪላ ቅማል ጋር ነው። ሁለቱ በአንድ ገላ ላይ ተለያይተው መስፈራቸው በመካከላቸው ያለው ሜዳ መመንጠሩን ይጠቁማል። ከምሳ በፊት ባታነቡት ይሻላል።