የእናቴ ፊትና ብርቱካናማው ላስቲክ

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ትዳርና ስለ ልጆች እንጫወታለን። ዛሬ ግን ከአንድ የክብሪት ቀፎ እምብዛም ስለማትበልጥ ቁራጭ ላስቲክ ላወጋችሁ ነው። ከቤተሰብ ጋር ምን አገናኛት እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ እባካችሁ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

በሳሎናችን ግድግዳ ላይ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ተሰቅሏል። እናቴ የልጅ ልጇን ታቅፋ ነው። እንግዶች ሲመጡ “የድሮ ዘመን ፎቶ ነው?” ብለው ይጠይቁኛል። አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በተዋስኩት ዲጂታል ካሜራ እኔው ራሴ ያነሣሁት ነው። ጥቁርና ነጭ የሆነውም ወድጄ ሳይሆን ቸግሮኝ ነው።

የመጀመሪያ ልጃችን አንድ ዓመት የሞላት ማታ ነበር። ቤቱ በአምፖል ብርሃን ቢጫ ሆኗል። በካሜራው ላይ የአምፖል ሥዕል ያለበትን ምልክት አየሁና “ቤቱ አምፖል ነው የበራበት፤ ይኸው ነው ትክክሉ” ብዬ እርሱን መረጥኩ። ከዚያም እንዳይጨልም ብዬ ፍላሹን አበራሁት። ፎቶው ሲታጠብ ግድግዳውና መጋረጃው ልክ እንደ ነበሩ ሆነው ወጡ። የእናቴ ፊት ግን ሰማያዊ ሆነ። ጠይሟ፣ ደም ግባቷ የሚያምረው እናቴ ብርድ የመታት በሽተኛ መሰለች።

እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። ሌላ የረባ ፎቶ ስላልነበረን ያንኑ ይዤ ወደ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ባለሙያው በኮምፒውተር ፊቷን ሲያሞቀው ቤቱ እሳት የተነሣበት መሰለ፤ ቤቱን ሲመልሰው ፊቷ መልሶ ሰማያዊ ሆነ። በመጨረሻ “ቀለሙን እናጥፋውና ጥቁርና ነጭ ይሁን” አለኝ። እኔም እሺ አልኩ።

ምን እንደ ሆነ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በጉባኤያችን የሰርግ ፎቶ በማንሣት የሚተዳደሩ ወጣት ባልና ሚስት አሉ። እርሱ ካሜራውን ይይዛል፤ እርሷ ፍላሹን። አንድ ቀን ቤታችን መጥተው ቡና ስንጠጣ ፎቶውን አየችና ታሪኩን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ከቦርሳዋ ብርቱካናማ ላስቲክ አውጥታ “እትዬ፣ የጎደለው ይህ ብቻ ነበር” አለችኝ። ደነገጥኩ።

ስሙ ጄል ይባላል። ድሮ ከጄላቲን ይሠራ ስለ ነበር ነው ስሙ የቀረው፤ ዛሬ ሙቀት ከሚችል ስስ ፕላስቲክ ይሠራል። ነገሩ እንዲህ ነው። ብርሃን ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የብርሃን ቀለም የሚለካው በኬልቪን ሲሆን ቁጥሩ ዝቅ ሲል ብርሃኑ ወደ ቀይ፣ ከፍ ሲል ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሻማ ወደ 1900፣ ክር ያለው የድሮው አምፖል ከ2700 እስከ 2800፣ የቀትር ፀሐይና ፍላሽ ደግሞ ወደ 5500 አካባቢ ናቸው። ዓይናችን ይህን ልዩነት ሳናውቀው ያስተካክለዋል፤ ነጭ ነጠላ በአምፖልም በፀሐይም ነጭ ሆኖ ይታየናል። ካሜራ ግን ለመላው ፎቶ አንድ ማስተካከያ ብቻ ነው የሚያደርገው። ይህ ማስተካከያ ዋይት ባላንስ ይባላል።

እንግዲህ እኔ የሠራሁትን ስሕተት አስተውሉ። ካሜራውን “ብርሃኑ የአምፖል ነው” ብዬ ነገርኩት፤ እርሱም ቢጫነቱን ለመቀነስ በፎቶው ሁሉ ላይ ሰማያዊ ጨመረ። ለቤቱ ልክ ነበር። የእናቴን ፊት ያበራው ግን አምፖሉ ሳይሆን ፍላሹ ነው። ቢጫ ያልነበረው ፊት ላይ ሰማያዊ ሲጨመርበት ያያችሁት ሆነ። በፍላሹ አፍ ላይ ብርቱካናማ ጄል ቢኖር ኖሮ የፍላሹም ብርሃን የአምፖል ብርሃን ይመስል ነበር፤ አንዱ ማስተካከያ ሁለቱንም ባዳነ ነበር።

ጄሉ በልክ በልክ ይሸጣል። ሙሉው የፍላሹን 5500 ወደ 3000 አካባቢ ያወርደዋል፤ ግማሹ ወደ 3800፣ ሩቡ ወደ 4500። ዋጋ ግን ያስከፍላል፤ ሙሉው ጄል ከፍላሹ ብርሃን ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ያስቀራል። ስለዚህ ፍላሹን ከፍ ማድረግ ወይም ወደ ሰዎቹ ጠጋ ማለት ያስፈልጋል።

ዛሬ በየቤቱ የምንሰቅለው በአብዛኛው ኤልኢዲ ስለ ሆነ ካርቶኑን ማንበብ ነው። 2700 ወይም 3000 ከሚል አምፖል ጋር ብርቱካናማው ጄል ይስማማል። 6500 የሚል ከሆነ ግን ብርሃኑ ከፍላሹ ብዙም ስለማይርቅ ጄሉን ተዉት። የድሮ ፍሎረሰንት ያለበት አዳራሽ ደግሞ ወደ አረንጓዴ ያደላልና ለእርሱ አረንጓዴ ጄል አለ። ጄሉን አድርጎ ዋይት ባላንሱን መርሳትም አለ፤ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ካሮት ይመስላል! ወጣቷ መፍትሔዋ ቀላል ነው፤ ሥራ ከመጀመሯ በፊት አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ፈልጋ አንድ የሙከራ ፎቶ ታነሣለች። ነጠላው ነጭ ከሆነ ትቀጥላለች።

ጄል ቀለም የሚጨምር ይመስለናል፤ ግን አይጨምርም፤ ይቀንሳል። ቀዩ ጄል ቀዩን ያሳልፍና ሌላውን አብዛኛውን ያስቀረዋል። እንዲያውም የቀለም ፎቶግራፍ የተጀመረው በዚሁ ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 ስኮትላንዳዊው ሳይንቲስት ጀምስ ክለርክ ማክስዌል አንድ ጥብጣብ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ ሦስት ጊዜ በጥቁርና ነጭ እንዲነሣ አደረገ። ሦስቱን በየማጣሪያቸው አብርቶ በአንድ ላይ ሲደራርባቸው ጥብጣቡ ከነቀለሙ ታየ። ለንደን ለተሰበሰቡት አድማጮቹም አሳያቸው።

ይህን ያነሣሁት ለምክንያት ነው። አንዳንድ እጮኛሞች ፊታቸውን በደማቅ ቀይ ወይም ሰማያዊ ብርሃን መነሣት ይወዳሉ። ለአንድ ለሁለት ፎቶ ጨዋታ ነው፤ አልቃወምም። ነገር ግን ፊታችሁ ላይ ቀይ ብቻ ከወደቀ ካሜራው ሌላውን ቀለም አያገኘውም፤ ያልተመዘገበውን ደግሞ ኮምፒውተር አይመልሰውም። የእኛ ቡናማ ቆዳ ቀይን ከሰማያዊ ይልቅ ስለሚመልስ በሰማያዊ ብርሃን ብቻ ሲነሣ ይጨልማል፤ አመድ ይለብሳል። የወጣቶቹ ደንብ “ቀለሙ ከኋላ፣ ንጹሑ ብርሃን ፊት ላይ” የሚል ነው። ከግድግዳው ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ትቆማላችሁ፤ ባለ ቀለሙ ፍላሽ ግድግዳውን ያበራል፤ ሌላው ፊታችሁን። የፊቱ ብርሃን ወደ ግድግዳው ከፈሰሰ ግን ቀለሙን ያጠበዋል።

አመሻሽ ላይ ደግሞ የሚያምር ነገር አለ። ካሜራውን በአምፖል ምልክት ላይ ያደርጉና ፍላሹን ብርቱካናማ ጄል ያለብሱታል። ፍላሹ የነካቸው ሙሽሮች በተፈጥሮ መልካቸው ሲወጡ፣ ያልነካው ሰማይ ጥልቅ ሰማያዊ ይሆናል። የእናቴን ፎቶ ያበላሸው ያው ምልክት እዚህ ጌጥ ሆነ ማለት ነው። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ “ጥፋቱ የምልክቱ ሳይሆን ያላወቀው ሰው ነው” አለና ሳቀብኝ።

ሰርግ የምታስቡ ደግሞ ድንኳኑን አትርሱ። ፀሐይ በሰማያዊ ወይም በቢጫ ሸራ ውስጥ ስታልፍ ሸራው ራሱ ትልቅ ጄል ነው፤ ከሥሩ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ ይቀባዋል። ሽማግሌዎችን ስታስነሡ ወደ ድንኳኑ ደጃፍ፣ ንጹሕ ብርሃን ወዳለበት አውጧቸው፤ ወይም ገና ስትከራዩ ነጭ ሸራ ጠይቁ። በቤት የምትሞክሩም የከረሜላ ወረቀትን ለግድግዳ እንጂ ለፊት አትጠቀሙበት፤ ልኩ አይታወቅምና። በስቱዲዮ መብራት ላይም ጄሉን አታጣብቁት፤ በሙቀት ይቀልጣል።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ያቺ በፎቶው ላይ የታቀፈችው ሕፃን ዛሬ ወጣት ሆናለች። አንድ ቀን ፎቶውን እያየች “እማዬ፣ አያቴ ቀይ ነበረች ወይስ ጠይም?” አለችኝ። “ጠይም፣ ፀሐይ ሲያርፍባት የምታበራ” አልኳት። በቃል ነገርኳት እንጂ ላሳያት አልቻልኩም። ያን ዕለት አለቀስኩ።

ባለፈው ዓመት አባቴ ሊጠይቀን ሲመጣ ወጣቶቹን ጠራኋቸው። ያው ሳሎን፣ ያው ቢጫ ብርሃን ነው። እርሷ ጄሉን በላስቲክ ፍላሹ ላይ አሰረች፤ እርሱ የአባቴን ጋቢ አንሥቶ ነጭነቱን አየ። ከዚያ ልጄ ከአያቷ አጠገብ ተቀመጠች። የአባቴ ፊት ከነቀለሙ፣ ከነሽበቱ፣ ልክ እንደምናውቀው ወጣ። አሁን ሁለቱ ፎቶዎች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። ጥቁርና ነጩን አላወረድኩትም።

እናንተም ለሰርጋችሁም ሆነ ለቤተሰባችሁ ፎቶ አንሺ ስትቀጥሩ ዋጋ ብቻ አትጠይቁ። “ማታ በአምፖል ብርሃን ያነሣኸውን አሳየኝ” በሉት፤ ፊቶቹን ደግሞ ልብ ብላችሁ እዩ። ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉም ቀጠሮ አታብዙ። እስከሚቀጥለው ድረስ ደኅና ሰንብቱ።