ሽሮን ለጤና እንዲስማማ አድርጎ ስለ መሥራት

በአገራችን ገበታ ላይ ገና እየተንተከተከ ከነድስቱ የሚቀርብ ወጥ ቢኖር ተጋቢኖ ሽሮ ነው። ቤተሰቡ ዙሪያውን ተቀምጦ በእንጀራ እየጠቀሰ ይመገበዋል። ስዊዞችም ፎንዲዩ የሚሉት፣ በአበላሉ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ምግብ አላቸው፤ አይብ ከነጭ ወይን ጠጅ ጋር በድስት አቅልጠው፣ በረጅም ሹካ የተወጋ ቁራሽ ዳቦ እየነከሩ በአንድነት ይበሉታል። ነገር ግን የፎንዲዩ መሠረቱ አይብ ስለሆነ ስቡና ጨዉ ከመነሻው አብረውት አሉ። የሽሮ መሠረት ሽምብራ፣ አተር ወይም ባቄላ ነው፤ በእነዚህ ውስጥ ያለው ስብ ጥቂት ነው። እንግዲህ በሽሮው ላይ ተንሳፎ የምናየው ዘይት እኛው በእጃችን የጨመርነው ነው ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው ሽሮን ለመንቀፍ አይደለም። ጤፍ የሚያንሰውን የፕሮቲን ክፍል ጥራጥሬው ይሞላለታል፤ ጥራጥሬው የሚጎድለውንም ጤፉ ያሟላል። ሽሮ በእንጀራ የበላ ልጅ፣ ሥጋ ባያገኝም፣ ደህና ምግብ በልቷል። በጾም ወራት ደግሞ በብዙ ቤት ዋናው ወጥ እርሱ ነው። አዘውትሮ የሚበላ ምግብ በመሆኑም በአሠራሩ ላይ ያለች ጥቂት ጉድለት በየዕለቱ ትደጋገማለች።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የጨው ነገር ነው። የዓለም የጤና ድርጅት አንድ ጎልማሳ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲመገብ ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። በየሰሐኑ ለብቻው የሚመገብ ሰው የራሱን ጨው ሊመጥን ይችል ይሆናል። ከአንድ ድስት የሚጠቅስ ቤተሰብ ግን የሚበላው ወጡን የሠራው ሰው የወሰነውን ጨው ነው፤ የደም ግፊት ያለበት አባትና ጡት የተወ ሕፃን እኩል ይደርሳቸዋል። በዚህ ላይ ብዙ ቤቶች ምጥን ሽሮ ሲያስፈጩ ጨው አብረው ይጨምራሉ፤ ወጡ ሲሠራም ሌላ ጨው ይታከላል። ስለሆነም ምጥኑ ያለ ጨው ቢዘጋጅ እመርጣለሁ። በ2003 ዓ.ም. በወጣው ደንብ መሠረት ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው ግዴታ ሆኗል፤ አዮዲን ደግሞ በሙቀት ስለሚቀንስ፣ ጨዉ ድስቱ ሊወርድ ሲል ጥቂት ብቻ ቢጨመር ይሻላል። የበለጠ የሚፈልግ ሰው አዋዜው በጎኑ አለለት።

ስለ ዘይት ስናነሣ ነገሩ ከልማድ ጋር ይገናኛል። እንግዳ ሲመጣ ዘይቱ ከላይ ያልታየ ወጥ የንፉግ ወጥ ይመስለናል። እንግዳን ማክበር መልካም ነው፤ አክብሮቱን በዘይት ብዛት መለካት ግን የሚገባ አይመስለኝም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ ይጠጋል፤ ከጠርሙሱ በግምት የሚያንቆረቁር ሰው ስንት ማንኪያ እንደ ጨመረ አያውቀውም። ዓይነቱም ልዩነት አለው። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ለልብና ለደም ሥር የማይስማማው የስብ ዓይነት ነው፤ የኑግና የሱፍ ዘይት በዚህ ረገድ ይሻላሉ።

«ዘይት ያነሰው ሽሮ አጥሚት አጥሚት ይላል» የሚሉ አሉ። እኔ ግን ጣዕሙን የሚያጠፋው የዘይቱ ማነስ ሳይሆን የሠሪው ችኮላ ነው እላለሁ። እናንተ ራሳችሁ፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ ሞክሩት። ሽንኩርቱን በደቃቁ ክተፉና በደረቁ አቁላሉት፤ ሊይዝ ሲል ጠብታ ውሃ እየጨመራችሁ፣ እስኪለሰልስና ጣፋጭ ሽታ እስኪያወጣ ታገሡ። ከዚያ በኋላ ለአምስት ሰው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይበቃል። ነጭ ሽንኩርትና የተከተፈ ቲማቲም አስከትሉ፤ ውሃው ሲፈላ ሽሮውን በትንሽ በትንሹ እየነሰነሳችሁ፣ እንዳይጓጉል ሳታቋርጡ አማስሉ። በለስላሳ እሳት በደንብ ይንተክተክ። በመጨረሻ የተከተፈ ጎመን ቢገባበት ወጡም ይበረክታል። ቃሪያና ቲማቲም ጥሬአቸውን በጎን ቢቀርቡ በውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ሲ ሰውነታችን የጥራጥሬውን ብረት እንዲያገኝ ይረዳዋል።

የተፈጨ ሽሮ ከገበያ የሚገዛ ሰው ግን ምን እንደ ተቀላቀለበት ሊጠይቅ ይገባዋል። ጓያ በርካሽ ስለሚገኝ በሽሮ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ ደግሞ እግርን ያሽመደምዳል፣ የተጎዳው እግርም ተመልሶ አይድንም። ከተቻለ እህሉን ገዝቶ፣ ለቅሞና አምሶ ማስፈጨት ይመረጣል፤ ድካም አለው፣ ነገር ግን የሚበሉትን አውቆ መብላት ነው።

ሻይና ቡናን በተመለከተ፣ ከገበታ ሳይነሡ ወዲያው መጠጣት ያን ከምግቡ የሚገኘውን ብረት ስለሚቀንሰው፣ ድስቱ ከተነሣ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ቢቀርብ ይመረጣል።