የተጻፈው ነገር ለፈላጊው ይገኝ ዘንድ

አንድ ነገር ተጽፎ መቀመጡ ብቻውን ለሕዝብ ጥቅም አይበቃም፤ በሚያስፈልግበት ሰዓት ለሚፈልገው ሰው መገኘት አለበት። አባቶቻችን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ማለታቸው፣ የሚገባውን ይዞ ዝም የሚል ሰው ከጥቅሙ እንደሚጐድል ለማስተማር ነው። ይህም ተረት በኢንተርኔት ላይ ድረ ገጽ ለከፈቱ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ የሚስማማ ምክር ሆኖ እናገኘዋለን።

በየካ ክፍለ ከተማና ከበላዩ ባሉት የእንጦጦ ኮረብታዎች ለዓለም ሊነገር የሚገባው ነገር እጅግ ብዙ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በዚያ ትገኛለች። ከዓለት የተፈለፈለው ጥንታዊው ዋሻ ሚካኤል በየካ ኮረብታ ላይ አለ። በእንጦጦ ራስ ላይም ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የከዋክብት መመልከቻ ቆሟል፤ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የተላከችው የመጀመሪያይቱ የኢትዮጵያ ሳተላይት ትልከው የነበረውን መረጃ የተቀበለው ጣቢያም እዚያው ነው። ከግርጌውም መምህራንን የሚያሠለጥነው የኮተቤ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል።

ከዚህም ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የዘወትሩ የሕዝብ ጉዳይ ነው። ለልደት ምስክር ወረቀት ወይም ለመታወቂያ ጉዳይ ከኮረብታው ወርዳ የምትመጣ እናት፣ ምን ምን ማስረጃ ይዛ መምጣት እንደሚገባት ልጇ አስቀድሞ በስልኩ አይቶ ቢነግራት፣ የአንድ ቀን ሥራዋና የመጓጓዣ ገንዘቧ በተረፈላት ነበር። ነገር ግን ልጁ በሚፈልግበት ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ ገጽ ተሰውሮ የደላላ ማስታወቂያ ወይም ዘመን ያለፈበት ወሬ የወጣለት እንደ ሆነ፣ ያገኘውን እውነት ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ የገጽ አለመገኘት የዕውቀት ጉድለት ብቻ ሳይሆን የድኻ ገንዘብና ጊዜ የሚጠፋበት በር ነው።

ገጹ የሚሰወርበትም ምክንያት ግልጽ ነው። ጎግልና መሰሎቹ አዲስ ገጽ የሚያገኙት ከገጽ ወደ ገጽ በሚያደርሱት ማያያዣዎች እየተመሩ ነው፤ በእንጦጦ ባሕር ዛፍ መካከል የሚሄድ እንግዳም እንዲሁ ጥርጊያ መንገድ ወዳላት ቤት ይደርሳል፤ መንገድ የሌላትን ግን አጠገቧ አልፎ ይሄዳል። በተለይም ሰው የመፈለጊያ ቃል ካልጻፈ በቀር የማይወጡ የቆዩ ማስታወቂያዎችና የጥናት ጽሑፎች በዚህ ዓይነት ተረስተው ይቀራሉ።

ለዚህም መድኃኒት ሆኖ የተገኘው ሳይትማፕ የሚባለው የድረ ገጽ ማውጫ ነው። ጎግል በ1997 ዓ.ም. አወጣው፤ በ1999 ዓ.ም. ያሁና ማይክሮሶፍት ተስማምተውበት የጋራ ሥርዓት ሆነ። ይኸውም የገጾቹን ሙሉ አድራሻና እያንዳንዱ መጨረሻ የተሻሻለበትን ቀን የያዘ መዝገብ ነው። አንዱ መዝገብ ከ50,000 አድራሻ ወይም ከ50 ሜጋባይት ሊበልጥ አይችልም፤ የበለጠ እንደ ሆነ በብዙ መዝገብ ይከፈልና ለመዝገቦቹ ሌላ ማውጫ ይሠራላቸዋል። የመዝገቡም አድራሻ ለፈላጊዎቹ መመሪያ በሚሰጠው ሮቦትስ በተባለው ፋይል ውስጥ ይጻፋል፤ ወይም በጎግል የባለቤቶች መቈጣጠሪያ በኩል ይቀርባል።

ነገር ግን ማውጫ ታማኝ ካልሆነ አይረባም። የጠፋ ገጽ በውስጡ ሊጻፍ አይገባም፤ ሳይሻሻል ተሻሻለ ተብሎ በየቀኑ ቀኑ የሚለወጥ እንደ ሆነም ጎግል ቀኑን ማመን ይተዋል። ደግሞም ማውጫ ያለው ገጽ ሁሉ በግድ ይመዘገባል ማለት አይደለም፤ ማውጫ መንገድ ያሳያል እንጂ ባዶ ቤትን አያሞላም። በፎቶግራፍ ብቻ የተለጠፈ ደብዳቤ እንደ ጽሑፍ በሚገባ ላይነበብ ይችላልና ቃሉ በፊደል መጻፍ ይገባዋል። ጸሐይንና ፀሐይን እንደየልማዱ በሚጽፍ ሕዝብ መካከልም፣ የቦታና የአገልግሎት ስም በአንድ መሥሪያ ቤት ዘንድ ሁልጊዜ በአንድ ፊደል ቢጻፍ ለፈላጊው ትልቅ እርዳታ ነው።

ይህ ሥራ አዲስ ሕንፃ ወይም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ዛሬ ድረ ገጽ የሚሠራባቸው አያሌ ፕሮግራሞች ማውጫውን ራሳቸው ያዘጋጁታል፤ የሚጐድለው የሚከታተለው ሰው ነው። እንግዲህ ማናቸውም የሕዝብ መሥሪያ ቤት ለመዝገብ ቤቱ ኀላፊ እንደሚሾም ሁሉ፣ ለዚህም ማውጫ አንድ ኀላፊ ይሹምለት። ኀላፊውም በየወሩ የራሱን መሥሪያ ቤት ጉዳይ እንደ ባዕድ ሆኖ በስልክ ይፈልግ፤ ያጣውንም ያቅና። ለሕዝብ የተጻፈ ቃል ሕዝብ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ሥራው ተፈጸመ ሊባል አይገባምና።